በእጅዎ ያለው የልብ ምት መድኃኒት የትኛው ምድብ ነው? አሠራሩንና አወሳሰዱን ማወቂያ መመሪያ

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የጤና ተቋም ለተመላላሽ ታካሚዎች መድኃኒት የማደል ሥራ እሠራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከይርጋለም ወገን የመጡ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር መስኮቴ ፊት ቆመው የመሀረባቸውን ቋጠሮ ፈቱና ከማሸጊያቸው የተቆረጡ ሁለት ዓይነት ክኒኖች አሳዩኝ። "ልጄ፣ እነዚህ እያለቁብኝ ነው፤ ግን ሰሞኑን ከተቀመጥኩበት ስነሣ ዓይኔ ይጨልማል፣ ጉልበቴም ከድቶኛል" አሉ። እጃቸውን ይዤ ደቂቃ ሙሉ ብቆጥር ያገኘሁት 38 ምት ብቻ ነበር። አንደኛው ክኒን ፕሮፕራኖሎል ነው፤ አንድ ክሊኒክ ለእንቅርታቸው ያዘዘላቸው ነበር። ሁለተኛው ቬራፓሚል ነው፤ ሌላ ቦታ ሄደው "ልቤ ድው ድው ይላል" ሲሉ የታዘዘላቸው ነበር። ያንን ሁለተኛውን ከሦስት ሳምንት በፊት በዚያው መስኮት ያስረከብኳቸው እኔው ራሴ ነኝ፤ "ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?" ብዬ አልጠየቅኳቸውም ነበር።

እናቲቱ በድንገተኛ ክፍል ክትትል ተደርጎላቸው፣ ክኒኖቹ ከቆሙ በኋላ ምታቸው ቀስ በቀስ ተመልሶላቸዋል። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የልብ ምት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ሁሉ የምነግረው አንድ ነገር ነው፦ ክኒንዎ በልብዎ ውስጥ የትኛውን በር እንደሚዘጋ ይወቁ። ሁለቱም ክኒኖች ለየብቻቸው ትክክለኛ መድኃኒቶች ነበሩ፤ ጉዳት ያመጡት በሁለት የተለያየ መንገድ ሄደው አንዱኑ ቦታ ስለያዙ ነው። ይህ መመሪያ ያንን ቦታ ለማወቅ የሚረዳ ነው እንጂ መድኃኒት ለመጀመር፣ ለማቆም ወይም መጠን ለመቀየር የሚያበቃ አይደለም፤ ያ የሐኪምዎ ሥራ ነው።

ምቱ ከየት ይመጣል?

ልብ ለመምታት የአንጎልን ትእዛዝ አይጠብቅም። በቀኝ በኩል ባለው የላይኛው ክፍሉ ግድግዳ ላይ የምትገኝ ትንሽ የሕዋሳት ቋጠሮ ራሷ የኤሌክትሪክ ምልክት ታመነጫለች፤ ዕረፍት ላይ ባለ ጤነኛ አዋቂ ሰው በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ያህል። ይህችን መነሻ ቋጠሮ እንበላት። ምልክቱ ሁለቱን የላይኛ ክፍሎች አዳርሶ ወደ ታችኞቹ ለመውረድ በጤነኛ ልብ ውስጥ አንድ መተላለፊያ ብቻ አለው፤ እርሷም በመካከል የምትገኘው ሁለተኛ ቋጠሮ ናት፤ መሸጋገሪያ ቋጠሮ እንላታለን። ምልክቱ እዚያ ሲደርስ የአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ይዘገያል። ይህ መዘግየት ጥቅም አለው፤ የላይኞቹ ክፍሎች የያዙትን ደም ወደ ታች አውርደው እስኪጨርሱ ድረስ የታችኞቹ እንዳይጨመቁ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ምልክቱ ልዩ በሆኑ ክሮች አማካይነት በታችኞቹ ክፍሎች ጡንቻ ላይ በፍጥነት ይሰራጫል።

በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ የሚሆነው ደግሞ የበሮች መከፈትና መዘጋት ነው። በልብ ጡንቻ ውስጥ በመጀመሪያ የሶዲየም በር ይከፈትና ሶዲየም በቅጽበት ይገባል፤ ሕዋሱ ይነቃል። ቀጥሎ የካልሲየም በር ይከፈታል፤ ካልሲየም በዝግታ እየገባ ጡንቻው እንዲጨመቅ ያደርጋል። በመጨረሻ ፖታሲየም ይወጣና ሕዋሱ ወደ ዕረፍቱ ይመለሳል፤ ይህ እስኪሆን ድረስ ሌላ ምልክት ቢመጣም አይቀበልም። ሁለቱ ቋጠሮዎች ግን የሚነቁት በሶዲየም ሳይሆን በካልሲየም ነው። ይህችን ልዩነት በቃል መያዝ ይጠቅማል፤ አንዳንዱ መድኃኒት ቋጠሮዎቹን ብቻ የሚያዘገይበት፣ ሌላው ደግሞ ጡንቻውን የሚይዝበት ምክንያት ይኸው ነውና።

ምት ከሚዛባባቸው መንገዶች ሁለቱ ዋነኞች ናቸው። አንደኛው፣ ከመነሻ ቋጠሮዋ ውጪ ያለ ሌላ ቦታ ራሱን ሹሞ ምልክት መላክ ሲጀምር ነው። ሁለተኛውና ብዙውን ጊዜ የሚያጋጥመው፣ ምልክቱ ወደፊት ሄዶ ማለቅ ሲገባው በጠባሳ ወይም በተጨማሪ መንገድ ዙሪያ እንደገና እየተመለሰ ሲሽከረከር ነው። አደባባይ ላይ ያለማቋረጥ የሚዞር ባጃጅ ያስቡ፤ ባጃጁ እንዲቆም ወይ ፍጥነቱ ተዳክሞ መንገድ ላይ መቅረት አለበት፣ ወይ ዞሮ ሲመለስ የተነሣበት ቦታ ገና ዝግ ሆኖ ሊጠብቀው ይገባል። የሶዲየም በርን የሚዘጉ መድኃኒቶች በዋናነት የመጀመሪያውን፣ የፖታሲየም በርን የሚዘጉት ደግሞ ሁለተኛውን ያደርጋሉ።

የምድቦቹ ቁጥርና አንደኛው ምድብ

መድኃኒቶቹን በሚይዙት በር መከፋፈል የጀመረው ማይልስ ቮን ዊሊያምስ የተባለ የኦክስፎርድ ተመራማሪ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1970 ነበር፤ ክፍፍሉ በኋላ ተሟልቶ አራት ምድብ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2018 ተመራማሪዎች ሰፋ ያለ ክፍፍል አቅርበዋል፤ ሆኖም በሐኪሞች አንደበት የሚሰማው አሁንም የቀድሞው አራት ቁጥር ነው። ቁጥሩ የጥንካሬ ደረጃ አይደለም። "አራተኛ ምድብ ስለሆነ ከሁለተኛው ይከብዳል" የሚል ሰው አጋጥሞኛል፤ ትክክል አይደለም፤ ቁጥሩ የበሩን ዓይነት ብቻ ያመለክታል።

አንደኛው ምድብ የሶዲየም በርን ይዘጋል። ኪኒዲን፣ ፕሮካይናማይድና ዲሶፒራማይድ በአንድ ወገን፣ ሊዶኬይንና ሜክሲሌቲን በሁለተኛ ወገን፣ ፍሌካይናይድና ፕሮፓፌኖን በሦስተኛ ወገን ይመደባሉ፤ ልዩነታቸው በሩን ይዘው የሚቆዩበት ጊዜ ነው። ሊዶኬይን ቶሎ ይይዛል፣ ቶሎም ይለቃል፤ ስለዚህ ጤነኛውን ጡንቻ ብዙም ሳይነካ በፍጥነት የሚመታውንና ደም ያጠረውን ሥፍራ ለይቶ ያዘገያል። ጥርስ ሲነቀል ድድን የሚያደነዝዘው መርፌም ይኸው ሊዶኬይን ነው፤ ነርቭም እንደ ልብ ጡንቻ የሚነቃው በሶዲየም በር ነውና። ፍሌካይናይድ ግን ይዞ የሚለቀው በዝግታ ስለሆነ የምልክቱን ጉዞ በልብ ሁሉ ላይ ያዘገያል።

በከተማችን በመስኮት የሚታደሉት የዚህ ምድብ ክኒኖች ጥቂት ስለሆኑ እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። አንድ ታሪክ ግን ማለፍ አይገባም። ካስት ተብሎ በሚጠራው ጥናት ላይ፣ የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ) ደርሶባቸው ከተረፉ በኋላ ከታችኛው ክፍል ትርፍ ምት የሚታይባቸው ሰዎች ፍሌካይናይድና ኤንካይናይድ ተሰጥቷቸው ነበር። መድኃኒቶቹ ትርፍ ምቶቹን በሚገባ አጠፉ፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1989 ውጤቱ ሲገለጥ መድኃኒቱን ከወሰዱት መካከል የሞቱት ሰዎች ባዶ ክኒን ከተሰጣቸው በልጠው ተገኙ። በጠባሳ መካከል የሚጓዝን ምልክት ማዘግየት አዲስ ሽክርክሪት ሊፈጥር ይችላል። የልብ ምት ማስተካከያ ሁሉ ራሱ ምት ሊያዛባ እንደሚችል ሐኪሞች ጠንቅቀው የተማሩት ከዚህ ነው። "ምቴ ተስተካክሎልኛል፣ ከእንግዲህ ክትትል ምን ያደርግልኛል?" ለሚል ሰው የምሰጠውም መልስ ይኸው ነው።

ስማቸው በ"ሎል" የሚያልቅ

ፕሮፕራኖሎል፣ አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል፣ ቢሶፕሮሎል፣ ካርቬዲሎል። የስሙ መጨረሻ "ሎል" ከሆነ፣ ክኒኑ በሁለተኛው ምድብ ውስጥ ያለ ቤታ ብሎከር መሆኑን በአብዛኛው ማወቅ ይቻላል። እነዚህ መድኃኒቶች የሚዘጉት በቀጥታ የካልሲየም ወይም የሶዲየም በርን አይደለም፤ አድሬናሊን የሚያርፍበትን ተቀባይ ቀድመው ይይዛሉ። አድሬናሊን ሰው ሲደነግጥ፣ ሲሮጥ ወይም ሲቆጣ ልብን የሚያስገድድ ንጥረ ነገር ነው፤ ማረፊያውን ካጣ የመነሻ ቋጠሮዋ ትረጋጋለች፣ የመሸጋገሪያ ቋጠሮዋም ጥቂት ምልክት ብቻ ታሳልፋለች። ፕሮፕራኖሎልን ለጥቅም ያበቃው ጄምስ ብላክ የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ሆኗል።

እንቅርት ኖሮባቸው የታይሮይድ ሆርሞናቸው ከመጠን ያለፈ ሰዎች ልባቸው የሚሮጠው ሆርሞኑ ልብን ለአድሬናሊን ስሜታዊ ስለሚያደርገው ነው፤ ፕሮፕራኖሎል ለእነርሱ የሚመረጠውም ስለዚህ ነው። አስም ላለበት ሰው ግን የሳንባ ቧንቧን ሊያጠብ ስለሚችል አደገኛ ነው፤ አስም እንዳለብዎት ሳይጠየቁም ይናገሩ። የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ ደግሞ የደም ስኳርዎ ሲወርድ የሚያስጠነቅቅዎት የልብ መምታትና የእጅ መንቀጥቀጥ ሊደበቅብዎ ይችላል፤ ላብ ግን ስለማይደበቅ ያለ ምክንያት ካላበዎ ስኳርዎን ይለኩ።

ከሁሉ በላይ አጥብቄ የምነግረው ይህን ነው፦ ቤታ ብሎከርን በድንገት አያቁሙ። ሰውነት ለወራት ማረፊያ ሲከለከል ተጨማሪ ተቀባዮችን ያዘጋጃል፤ ክኒኑ አንድ ቀን በድንገት ሲቀር አድሬናሊኑ ባዶ ተቀባይ በብዛት ያገኛል፣ ልብም ከቀድሞው በባሰ ሁኔታ ይሮጣል። ወደ ገጠር ለቅሶ ወይም ሠርግ ሲሄዱ "ሁለት ሳምንት ብቻ ነው" ብለው ክኒኑን ቤት የሚተዉ ሰዎች ተመልሰው በድንገተኛ ክፍል በኩል ሲመጡ አይቻለሁ። ጫትም እዚህ ላይ መነሣት አለበት። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አድሬናሊንን የመሰለውን ኃይል ያነቃቃል፤ ጠዋት ቢሶፕሮሎል ወስዶ ከሰዓት በኋላ ጫት የሚቅም ሰው በአንድ እጁ የዘጋውን በሌላው እጁ እየከፈተ ነው። ይህን የምለው ማንንም ለማሸማቀቅ አይደለም፤ ለሐኪሙ እውነቱን ካልነገሩት መድኃኒቱ አልሠራ ያለ መስሎት መጠኑን ይጨምራል።

አሚዮዳሮንና የፖታሲየም በር

ሦስተኛው ምድብ የፖታሲየምን መውጣት ያዘገያል፤ ስለዚህ ሕዋሱ ወደ ዕረፍቱ የሚመለስበት ጊዜ ይረዝማል፣ እየተሽከረከረ የሚመጣው ምልክትም መንገዱን ዝግ ሆኖ ያገኘዋል። ሶታሎልና አሚዮዳሮን የዚህ ምድብ ናቸው። ሶታሎል ስሙ እንደሚያሳብቀው ቤታ ብሎከርም ነው፤ ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው መጠኑ ይለያል። አሚዮዳሮን ደግሞ ሦስተኛ ምድብ ይባል እንጂ የአራቱንም ምድቦች ሥራ ይሠራል፤ ኃይሉም ጣጣውም ከዚህ ይመነጫል።

ከክብደቱ 37 በመቶ የሚሆነው አዮዲን ነው። በ200 ሚሊግራም ክኒን ውስጥ 75 ሚሊግራም ያህል አዮዲን አለ፤ አዋቂ ሰው ለቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ሁሉም ባይለቀቅም የሚለቀቀው ራሱ የቀን ፍላጎትን ብዙ እጥፍ ያልፋል። ስለዚህ አሚዮዳሮን የታይሮይድ ዕጢን ሊያደክመውም ከልክ በላይ ሊያነቃቃውም ይችላል፤ በአገራችን ደግሞ እንቅርት ያለበት ሰው ብዙ ነው። ከመጀመሩ በፊትና ከዚያ በኋላ በየስድስት ወሩ የታይሮይድና የጉበት ምርመራ የሚታዘዘው ለዚህ ነውና "ምንም አላመመኝም" ብለው አይለፉት። ደረቅ ሳል ወይም አዲስ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ሳንባን እየነካ ሊሆን ስለሚችል ጉንፋን ነው ብለው አይጠብቁ። ቆዳ ፀሐይን መቋቋም ያቅተዋል፤ በሐይቁ ዳር ቀትር ላይ ረጅም ሰዓት የሚሠራ ሰው ባርኔጣና እጀ ሙሉ ልብስ ያስፈልገዋል።

ይህ መድኃኒት በስብ ውስጥ ስለሚከማች ቶሎ አይወጣም። በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ በአማካይ ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መጠኑ ከፍ ተደርጎ የሚሰጠውም፣ ከቆመ ከወራት በኋላ እንኳ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር የሚጋጨውም በዚህ ምክንያት ነው። ዋርፋሪን ከሚባለው ደም ማቅጠኛ ጋር ሲወሰድ የዋርፋሪንን ኃይል ይጨምራል፤ ይህም በአንድ ቀን ሳይሆን በሳምንታት እየገነነ ስለሚሄድ የደም መርጋት ምርመራው መደጋገም አለበት። ከታች የማነሣውን ዲጎክሲን የተባለ የልብ መድኃኒት ለሚወስዱ ሰዎች አሚዮዳሮን ሲጨመርላቸው ሐኪሞች የዲጎክሲንን መጠን አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ ይቀንሳሉ።

የፖታሲየም በር ከመጠን በላይ ሲዘጋ ኢሲጂ በሚባለው የልብን ኤሌክትሪክ በሚመዘግብ ምርመራ ላይ ኪውቲ የሚባለው ርዝመት ይጨምራል፤ ርዝመቱ ሲያልፍ ደግሞ ሰውን በድንገት የሚጥል የታችኛው ክፍል ሩጫ ሊነሣ ይችላል። እዚህ ላይ የአካባቢያችን ነገር ይገባል። ክረምቱ ካበቃ በኋላ ባሉት ወራት ወባ ይበዛል፤ ለቫይቫክስ ወባ የሚሰጠው ክሎሮኩይን፣ ኪኒን፣ ኮአርተም የሚባለውም ጥምር መድኃኒት ይህንኑ ርዝመት ሊነኩ ይችላሉ። ኤሪትሮማይሲን፣ ክላሪትሮማይሲንና አዚትሮማይሲን የተባሉት አንቲባዮቲኮች፣ ፍሉኮናዞል የሚባለው የፈንገስ መድኃኒትም እንዲሁ ናቸው። ወባ መታከም ያለበት በሽታ ነውና መድኃኒቱን እምቢ ይበሉ ማለቴ አይደለም፤ ደም ተወግተው ውጤት ሲጠብቁ ለሚያክምዎ ሰው "አሚዮዳሮን እወስዳለሁ" ወይም "ሶታሎል እወስዳለሁ" ይበሉት፤ ኢሲጂ አሠርቶ ወይም ሌላ መርጦ ያክምዎታል። ብርቱ ተቅማጥና ትውከትም ፖታሲየምና ማግኒዚየም ስለሚያሳጣ ያው አደጋ አለበትና ቶሎ ይታዩ።

አራተኛው ምድብ

ቬራፓሚልና ዲልቲያዜም የካልሲየም በርን ይዘጋሉ። ሁለቱ ቋጠሮዎች የሚነቁት በካልሲየም እንደሆነ ከላይ ጠቅሻለሁ፤ ስለዚህ እነዚህ መድኃኒቶች ጎልቶ የሚታየውን ሥራቸውን የሚሠሩት በመሸጋገሪያ ቋጠሮዋ ላይ ነው። የይርጋለሟ እናት ነገር አሁን ግልጽ ይሆናል፤ ፕሮፕራኖሎል የቋጠሮዋን አነቃቂ ከለከለ፣ ቬራፓሚል ደግሞ በሯን ዘጋ፣ ለምልክቱ መውረጃ ጠፋ። አምሎዲፒንና ኒፌዲፒንም የካልሲየም በር ዘጊዎች ናቸው፤ ነገር ግን በዋናነት የሚሠሩት በደም ቧንቧ ላይ ስለሆነ ለምት ማስተካከያ አይውሉም፤ የደም ግፊት ክኒንዎ አምሎዲፒን ከሆነ ይህ ክፍል አያስጨንቅዎት። ቬራፓሚል ሆድ ያደርቃል፤ ልቡ የመጨመቅ አቅም ለደከመ ሰውም አይሰጥም። ቢሶፕሮሎልና ካርቬዲሎል ግን በትንሽ መጠን ተጀምረው ቀስ በቀስ ከፍ ሲሉ ያንኑ የደከመ ልብ ይረዳሉ፤ ስለዚህ "ሁለቱም ምት ያረጋጋሉ" ብሎ አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም።

ከቁጥሩ ውጪ ያሉት

ዲጎክሲን በአራቱ ቁጥር ውስጥ ባይገባም በመስኮቴ በኩል በብዛት ከማድላቸው አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1785 ዊሊያም ዊዘሪንግ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ዲጂታሊስ ስለሚባለው ዕፅ የጻፈው መጽሐፍ የዚህ መድኃኒት ታሪክ መነሻ ነው። ዲጎክሲን ሶዲየምን ከሕዋስ የሚያስወጣውን መሣሪያ ስለሚያግድ በሕዋሱ ውስጥ ካልሲየም ይበረክታል፣ ጡንቻውም ይጠነክራል፤ በሌላ በኩል ልብን የሚያረጋጋውን ነርቭ አበርትቶ የመሸጋገሪያ ቋጠሮዋን ያዘገያል። የሚጠቅመው መጠንና የሚጎዳው መጠን በጣም የተቀራረቡ ናቸው። ላሲክስ የሚባለው ሽንት የሚያሸና መድኃኒት ፖታሲየም ሲያሳጣ፣ ወይም ኩላሊት ሲደክም፣ ትናንት ልክ የነበረው መጠን ዛሬ ይመርዛል።

የመመረዙ የመጀመሪያ ምልክት ልብ ላይ ላይታይ ይችላል፤ ምግብ አልበላ ማለት፣ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያም ነገሮች ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆነው መታየት ነው። ስንቱ ሰው ይህን "ጨጓራዬ ተነሣብኝ" ብሎ አሳልፎታል! አንድ አዛውንት ለሳምንት አጥሚት ብቻ ሲጠጡ ቆይተው የጨጓራ ክኒን ሊገዙ መጡ፤ ስለ ዓይናቸው ስጠይቃቸው "ነጩ ግድግዳ ቅቤ የተቀባ መስሎ ይታየኛል" አሉኝ። ዲጎክሲን እንደሚወስዱ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው፤ የጨጓራውን ክኒን ሳልሸጥላቸው ወደ ድንገተኛ ክፍል ሸኘኋቸው።

አዴኖሲን በቤት የሚወሰድ አይደለም። በመሸጋገሪያ ቋጠሮዋ ውስጥ የሚሽከረከር ፈጣን ምት ይዞት ወደ ድንገተኛ ክፍል ለመጣ ሰው በደም ሥር በፍጥነት የሚሰጥ ሲሆን ብዙውን ጊዜ በ6 ሚሊግራም ይጀመራል፣ ካልበቃ 12 ይደገማል። በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ የሚቀንሰው ከ10 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው። ልብ ለጥቂት ሰከንድ ይቆምና በተስተካከለ ምት ይነሣል፤ በዚያች ቅጽበት ታካሚው የሞተ ያህል ስለሚሰማው አስቀድሞ ቢነገረው ጥሩ ነው። ቡና አዴኖሲን የሚያርፍበትን ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ ከመምጣትዎ በፊት አቦል ቶና ጠጥተው ከሆነ ይናገሩ።

እነዚህ ሁሉ ምትን የሚያስተካክሉ ናቸው እንጂ ደም እንዳይረጋ አያደርጉም። በአገራችን በልጅነት የታለፈ የጉሮሮ ሕመም በሩማቲክ ትኩሳት በኩል የልብን ቫልቭ (ደም የሚያልፍበትን ክዳን) ያጠብባቸውና የላይኛው የልብ ክፍላቸው እንዲሁ የሚርገፈገፍባቸው ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ ይህ መርገፍገፍ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይባላል። ደም በዚያ ክፍል ውስጥ ረግቶ ወደ አንጎል ሊሄድ ስለሚችል ዋርፋሪን ይታዘዝላቸዋል፤ የምርመራው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 እንዲሆን ይፈለጋል። በጾም ወራት ጎመን በድንገት ሲበዛ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ጎመኑን መተው አያስፈልግም፣ የሚበሉት መጠን ከሳምንት ሳምንት እንዳይለዋወጥ ማድረግ ይበቃል። "ምቴን የሚያረጋጋ ክኒን አለኝ" ብሎ ዋርፋሪንን መተው ትልቅ ስሕተት ነው።

ቤት ሲደርሱ የሚያደርጉት

ምትዎን መቁጠር ይልመዱ። አምስት ደቂቃ ዐርፈው ከተቀመጡ በኋላ የአንድ እጅዎን መዳፍ ወደ ላይ አዙረው፣ የሌላውን እጅ ሁለት ጣቶች ከአውራ ጣቱ ሥር ከእጅ አንጓው ላይ ያሳርፉ፤ በአውራ ጣትዎ ግን አይቁጠሩ፣ የራሱ ምት ያሳስትዎታልና። ሙሉ 60 ሰከንድ ይቁጠሩ፤ ምትዎ ሥርዓት የሌለው ከሆነ 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። ጠዋት ክኒን ከመዋጥዎ በፊት ቆጥረው ይጻፉት። ዲጎክሲን ለሚወስድ አዋቂ ምቱ ከ60 በታች ከሆነ፣ ሌሎቹን ለሚወስድ ደግሞ ከ50 በታች ከሆነ፣ ሐኪምዎ የተለየ ቁጥር ካልሰጠዎት በቀር ከመዋጥዎ በፊት ይደውሉ ወይም ሄደው ይጠይቁ።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ በቀን ሁለት ጊዜ የተባለ ክኒን ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ቢሆን ጥሩ ነው። አንዱን ከረሱ በሚቀጥለው ሰዓት ሁለት አድርገው አይውጡ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ወይም የረመዳንን ጾም የሚይዙ ከሆነ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ይማከሩ፤ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰደውን ወደ ማታ ማዛወር ብዙ ጊዜ ይቻላል፣ የንስሐ አባትዎም ሆኑ ኢማምዎ ሕመምዎን ቢያውቁ ይረዱዎታል። ራስዎ ወስነው መዝለል ግን አይገባም።

ከተዝለፈለፉ፣ ደረትዎን ካመመዎ፣ ትንፋሽ ካጠረዎ፣ ዐርፈው ሳለ ልብዎ እየሮጠ አልረጋ ካለ፣ ወይም ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለና አንደበት ከተሳሰረ፣ እስኪነጋ አይጠብቁ። በባጃጅም በታክሲም ሰው ይዞዎት ይሂድ፤ የክኒኖቹንም ማሸጊያ ይዘው ይሂዱ።

ክኒኑን ከማሸጊያው ሲቆርጡ ስሙ ያለበትን ወገን በመጨረሻ ያስቀሩት። በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይም የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ ምድቡን፣ ለምን እንደታዘዘ ይጻፉና ከመታወቂያዎ ጋር ያኑሩት። የይርጋለሟ እናት ልጅ የጻፈላቸው ወረቀት ዛሬም በዚያው መሀረብ ተቋጥሮ ይመጣል፦ "ፕሮፕራኖሎል፣ 40 ሚሊግራም፣ ጠዋትና ማታ፣ ለእንቅርት፣ ሁለተኛ ምድብ። ቬራፓሚል አይሰጥ።" በሚመጡ ቁጥር እኔ ሳልጠይቃቸው በፊት ቋጠሮውን ፈትተው መስኮቱ ላይ ያስቀምጡልኛል፤ እኔም አንብቤው፣ እጃቸውን ይዤ ደቂቃ ሙሉ ቆጥሬ፣ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጀርባ ላይ ከቀኑ ጋር እጽፍላቸዋለሁ።